በፈረሰኛ ልብስ የተሣለ ሰው፤ ስለ አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕል አመረማመርና አገማመት

የታሪክ መምህር የሚጠይቃቸው ምስክሮች ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ በብራና ተጽፎ በዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ አንዳንዱ በድንጋይ ተቀርጾ በሜዳ ቆሟል፤ አንዳንዱም በሽማግሌዎች አንደበት ሲወርድ ሲዋረድ ከእኛ ዘመን ደርሷል። በትምህርት ቤቶቻችን ችላ ተብሎ የቈየው ምስክር ግን ሥዕል ነው። ሥዕልን ለጌጥ በግድግዳ እንሰቅለዋለን፤ ለጸሎት በፊቱ እንቆማለን፤ እንደ መጽሐፍ ገልጠን «ማን ሠራህ? ከየት መጣህ? የምትናገረውስ እውነት ነውን?» ብለን መጠየቅ ግን አልለመድንም። ከዚህም የተነሣ ተማሪዎቻችን አሮጌ ሥዕል ባጋጠማቸው ጊዜ ወይ ከመጠን በላይ ያደንቁታል፥ ወይ እንደ ውዳቂ ጨርቅ ይንቁታል።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ አንድ ዓይነት ሥዕል ነው፤ ይኸውም በዘይት ቀለም የተሠራ፥ የፈረሰኛ ልብስ የለበሰ ሰው የሚታይበት አሮጌ ሥዕል ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የፈረሰኛ ልብስና የፈረስ ዕቃ ስለ ዘመንና ስለ አገር ከሌላው ልብስ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ሁለተኛ፥ ተመልካቹ ልብሱን አይቶ ለሰውየው ወዲያው ስም ስለሚያወጣለት ስሕተት የሚበዛበት እንዲህ ባለው ሥዕል ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ሶሎሎን እናስብ። ሶሎሎ በኬንያ በማርሳቢት ካውንቲ፥ ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፥ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ ያለች የቦረና ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ትንሽ የድንበር ከተማ የሥዕል ዐዋቂ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከአንድ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ቦት ጫማ የተጫማ፥ አለንጋ የጨበጠ ሰው ሥዕል ቢወጣ፥ ባለቤቱ «ይህ ማን ነው? ዋጋስ አለውን?» ብሎ የሚጠይቀው የሰፈሩን መምህር ነው። እንግዲህ መምህሩ ምን ይመልስለት? በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ የምንሞክረው ይህን ጥያቄ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

የፈረሰኛ ሥዕል በእኛና በሌላው ዓለም

ፈረሰኛን መሣል በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፥ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ከሓዲውን ዑልያኖስን ሲጥል፥ ቅዱስ ሱስንዮስም ወርዝልያን ሲወጋ እናያለን። በነዚህ ሥዕሎች ቅዱሱ የሚታወቀው በፈረሱ ቀለምና በሚወጋው ጠላት ነው፤ ፊቱ ከሌላው ቅዱስ ፊት ብዙ አይለይም። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ፈረሱን ሲያስጌጥ በዘመኑ በዐይኑ ያየውን ኮርቻ፥ ልጓምና እርካብ ይሥላል። ስለዚህ የቅዱሱ ፊት ስለ መልኩ ባይነግረንም፥ የፈረሱ ዕቃ ስለ ሠዓሊው ዘመን ይነግረናል። በዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ልማዱ ቀጥሏል፤ ጊዮርጊስ ከሰማይ በነጭ ፈረስ ሆኖ ወገንን ሲረዳ ይታያል፤ ወገን በሙሉ ፊት፥ ጠላት ግን በአንድ ጐን ፊት ይሣላል።

በአውሮፓ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1548 የቬኒሱ ሠዓሊ ቲትሲያኖ ንጉሠ ነገሥቱን ካርሎስ 5ኛን በጦር ልብስ፥ በፈረስ ላይ ሠራ፤ ሥዕሉ በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር ይገኛል። በ1635 ገደማ ደግሞ ቫን ዳይክ የእንግሊዙን ንጉሥ ቻርልስ 1ኛን ከፈረሱ ወርዶ፥ ዘውድ ሳይደፋ፥ ቦት ጫማና ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ እንደ አዳኝ ሣለው። ይህም ሥዕል ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ነው። ንጉሡን ንጉሥ የሚያሰኘው አቋቋሙና አስተያየቱ እንጂ የመንግሥት ልብሱ አልነበረም። ይህ አሣሣል በባላባቶች ዘንድ ተወደደ፤ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ርስትና ፈረስ ያለው ሰው በፈረሰኛ ልብስ መሣልን የክብር ምልክት አደረገው። ከዚህም የተነሣ የባለቤቱ ስም የጠፋበት የፈረሰኛ ሥዕል በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ነው፤ አሮጌ መሆኑ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም።

በሕይወት ያለውን ሰው መልክ በዘይት ቀለም አስመስሎ የመሣል ሞያ በአገራችን የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የ«ጦቢያ» ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ሥዕል ተምረዋል፤ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምረዋል፤ በ1957ም በአለ ፈለገ ሰላም ትጋት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። እንግዲህ በእጃችን የገባው ሥዕል ከውጭ አገር የመጣ ወይም በአገር ልጅ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ አስቀድመን አንወስንም።

ዕቃውን መመርመር

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሥዕል ነው ወይስ ኅትመት?» የሚል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የዘይት ሥዕል አስመስለው በማተሚያ መሣሪያ የሚያወጡት ኦሌዮግራፍ የሚባል ምስል በብዙ ይሸጥ ነበር። አንዳንዱ በሸራ ላይ ተለጥፎ፥ የብሩሽ ምልክት ተደርጎበት፥ ቫርኒሽ ተቀብቶ ስለሚገኝ ከሩቅ ያየው ሰው ይታለላል። በአጉሊ መነጽር ቀርቦ ቢታይ ግን ኅትመቱ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ሆኖ ይገኛል፤ እውነተኛው ሥዕል የብሩሹን ጕዞና የቀለሙን ውፍረት ያሳያል። ይህን ለማወቅ ከአንድ አጉሊ መነጽርና ከመስኮት ብርሃን በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም።

ሁለተኛው ሥራ ሥዕሉን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። ፊቱ ለማሳመር ይሠራል፤ ጀርባውን ግን ለማሳመር የሚደክም ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የበለጠ እውነት የሚገኘው ከዚያ ነው። ሸራው በእንጨት ላይ የተያዘው በምስማር ነው ወይስ በስቴፕል ሽቦ? የስቴፕል ሽቦ የ20ኛው መቶ ዓመት ነገር ነው፤ ሆኖም አሮጌ ሸራ በአዲስ እንጨት ሊወጠር ስለሚችል ይህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። በሸራው ጀርባ የነጋዴ ማኅተም አለን? ለምሳሌ በ1832 በለንደን የተቋቋመው ዊንሰር ኤንድ ኒውተን የተባለው ቀለም ሻጭ በሚሸጠው ሸራ ላይ ስሙንና አድራሻውን ያትም ነበር፤ ሱቁ አድራሻ በለወጠ ቍጥር ማኅተሙም ስለሚለወጥ ሸራው የተሸጠበትን ጊዜ ለመለየት ይረዳል። የጨረታ ቍጥር፥ የቤተ መዘክር ወረቀት፥ በእርሳስ የተጻፈ ስም፥ እነዚህን ሁሉ ሳይነኩ መገልበጥ ይገባል።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ቀለም በየዘመኑ የተፈለሰፈ ስለሆነ የራሱ የልደት ቀን አለው። የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም በ1700ዎቹ መጀመሪያ በበርሊን ተገኘ። በ1841 አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ የቀለም መያዣ የሚሆን የቆርቆሮ ቱቦ ፈልስፎ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ለመውጣት ተመቻቸው። የቲታኒየም ነጭ ለሠዓሊዎች የቀረበው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ገደማ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ በ1700ዎቹ ተሠራ በሚባል ሥዕል በቀድሞው ቀለም ውስጥ ቢገኝ ነገሩ ሐሰት ነው፤ በኋላ በተጨመረ እድሳት ብቻ ቢገኝ ግን እድሳቱ አዲስ መሆኑን ያስረዳል። ይህ ምርመራ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ መምህሩ ሊሠራው አይችልም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ምርመራ መኖሩን ካወቀ ለቤተ ሙከራ የሚተርፈውን ማስረጃ እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ በተለይም ባለቤቱ ሥዕሉን በሳሙና እንዳያጥበው፥ አዲስ ቀለምም እንዳያስቀባው ይመክረዋል።

ልብሱን ማንበብ

በእንግሊዝ አገር የ18ኛው መቶ ዓመት ፈረሰኛ ቀሚሱ የረዘመ ኮት፥ ከጉልበት የሚደርስ የቆዳ ሱሪ፥ አፉ ወደ ታች ታጥፎ ቡናማ ቆዳ የሚያሳይ ጥቁር ቦት ጫማ ይለብስ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ረጅም ባርኔጣና ለቀበሮ አደን የሚለበስ ቀይ ኮት በሥዕሉ ላይ በዙ። በጭኑ ላይ ሰፍቶ ከጉልበት በታች የሚጠብቀው የፈረስ ሱሪ ግን ከሕንድ ከጆድፑር የመጣ ነው፤ በእንግሊዝ የታወቀውም የጆድፑር መስፍን ፕራታፕ ሲንግ በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥ በዓል ወደ ለንደን በሄደ ጊዜ መሆኑ ይነገራል። በቅኝ ግዛት አገሮች ያገለገሉ መኰንኖች ካኪ ልብስ፥ ገምባሌና የፀሐይ ባርኔጣ ይጨምሩበታል። እንግዲህ የጆድፑር ሱሪ የለበሰ እንግሊዛዊ ሥዕል ቀርቦልን «ይህ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጣ ሰው ነው» ቢሉን ማመን አይገባንም፤ አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት ከ1855 እስከ 1868 ነውና።

በአገራችን ፈረሰኛ ዘንድ የሚፈለገው ምልክት ሌላ ነው። የጦር አለቃው ለምድ ደርቦ ወይም በርኖስ ጥሎ፥ ጎፈር በራሱ ላይ አድርጎ፥ ጠባብ ሱሪ ለብሶ፥ በብር የተለበጠ ጋሻ ይዞ ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን በእግሩ ላይ ነው። የቀድሞው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ ስለ ነበረ እርካቡ የእግር አውራ ጣትን ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ቀለበት ነበር፤ በፈረሰኛ ቅዱሳን ሥዕሎችም ጣቱ በቀለበቱ ገብቶ ይታያል። ቦት ጫማ የተጫማ ሰው በዚህ እርካብ ሊጋልብ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሠዓሊ የኢትዮጵያ መኰንን ቦት ጫማ ተጫምቶ በጠባቡ እርካብ ላይ ቢያሳየን፥ ሠዓሊው ነገሩን በዐይኑ ሳያይ በወሬ ወይም ከሁለት ምስል ቀላቅሎ እንደ ሠራው እንጠረጥራለን።

ከዚህ አንድ ሕግ እናወጣለን፤ ይኸውም ሥዕሉ በውስጡ ከሚታየው ዕቃ ሁሉ ከአዲሱ ዕቃ ሊቀድም አይችልም። በደረቱ ላይ የቪክቶሪያ መስቀል የተባለው ኒሻን ካለ ኒሻኑ በ1856 ስለ ተመሠረተ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌላው ልብስ ምንም ያህል አሮጌ ቢመስል ይህ አይለወጥም። አሮጌው ዕቃ ግን የሥዕሉን መጨረሻ ዘመን አይወስንም፤ ልጅ የአባቱን በርኖስ፥ የልጅ ልጅም የአያቱን ኮርቻ ይዞ ሊሣል ይችላልና።

ሁለተኛውም ሕግ ልብስ ሰውን አይሰይምም የሚል ነው። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1840ዎቹ በትግራይ ሲኖር እንደ አገሩ ሰው ለብሶ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። ካፒቴን ስፒዲ ከመቅደላ ከተወሰደው ከልጅ ዓለማየሁ ጋር በ1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ሴት ፎቶግራፍ ሲነሣ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ነበር፤ ያን ፎቶግራፍ ታሪኩን ሳያውቅ ያየ ሰው ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በአንጻሩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1935 እና በ1936 በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ካኪ ልብስና የፀሐይ ባርኔጣ አድርገው በፎቶግራፍ ይታያሉ።

ስምና መልክ

በሥዕሉ ላይ ስም ተጽፎ ቢገኝ መርማሪው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን የተጻፈ ስም ሁሉ መልክን አያረጋግጥም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የአፄ ልብነ ድንግል የዘይት ሥዕል ነው። ጳውሎ ጆቪዮ የተባለ ኢጣልያዊ ጳጳስና የታሪክ ጸሓፊ በኮሞ ከተማ የታላላቅ ሰዎችን ሥዕል ሰብስቦ ነበር። የፍሎሬንሱ መስፍን ቀዳማዊ ኮዚሞ ከ1552 ጀምሮ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባለውን ሠዓሊ ልኮ ያንን ስብስብ አስቀዳ። ከተቀዱትም መካከል የኢትዮጵያው ንጉሥ ይገኛል፤ እስከ ዛሬም በፍሎሬንስ በኡፊትሲ ቤተ መዘክር አለ። ሠዓሊው ሥራውን ሲጀምር አፄ ልብነ ድንግል ካረፉ 12 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የሠራውም ከሌላ ሥዕል እየቀዳ ነው። እንግዲህ ይህ ሥዕል ስለ ንጉሡ መልክ የሚሰጠው ምስክርነት ደካማ ነው። ነገር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት የኢጣልያ መሳፍንት የኢትዮጵያን ንጉሥ ከዓለም ታላላቅ ነገሥታት ጋር እንደ ቈጠሩት የሚሰጠው ምስክርነት ብርቱ ነው። መልካም መርማሪ ሥዕሉ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ከማይመልሰው ለይቶ ይጠይቃል።

የአገራችንን ፈረሰኛ ለማወቅ ግን አንድ ተጨማሪ ረዳት አለን፤ እርሱም የፈረስ ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በሥዕል ጠርዝ ወይም በሽማግሌ ትረካ ውስጥ የፈረስ ስም ብቻ ተርፎ ቢገኝ፥ ዋናው ስም ጠፍቶም እንኳ ሰውየውን ለመፈለግ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ መምህሩ «ሥዕሉ የማን ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «በፈረስ ስሙስ ማን ይባላል?» ብሎ መጨመር ይኖርበታል።

ኵርዓተ ርእሱና የሥዕል የጕዞ ታሪክ

አንድ ሥዕል ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ታሪክ ካልተጻፈ ምን እንደሚደርስበት የሚያስተምረን የራሳችን ታሪክ አለ። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፥ ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል፥ በአውሮፓዊ ሠዓሊ እጅ በ1500ዎቹ ዘመን አካባቢ የተሠራ ነው፤ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ለፍላንድር፥ አንዳንዶቹም ለፖርቱጋል ሠዓሊ ይሰጡታል። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ ነበር፤ መኳንንቱም በእርሱ ፊት ይምሉ ነበር። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር በተሸነፉ ጊዜ ተማርኮ ሄደ፤ በኋላም በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዱት፤ በሚያዝያ 1868 አምባው በእንግሊዞች በተያዘ ጊዜ ለብሪታንያ ቤተ መዘክር ዕቃ እንዲሰበስብ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ለራሱ አስቀረው።

በ1872 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትና ይህ ሥዕል እንዲመለሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። አንድ የክብረ ነገሥት መጽሐፍ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሆልምስ በዚያ ጊዜ በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት በዊንድሶር የመጻሕፍት ኀላፊ ነበር። ሥዕሉ በእርሱ ዘንድ መሆኑ በግልጽ የታወቀው በ1905 በለንደን በሚወጣ የኪነ ጥበብ መጽሔት ፎቶግራፉ በታተመ ጊዜ ነው። ሆልምስ ከሞተ በኋላ በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950ም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ሥዕሉ የጠፋው በእሳት ወይም በውሃ ሳይሆን ያለበትን የሚያውቀው ሰው ዝም በማለቱ ነው። ሁለተኛው፥ ሥዕሉ ዛሬም የኛ መሆኑ የሚታወቀው አስቀድሞ በታሪክ ነገሥት ስለ ተጻፈና የአገራችን ሠዓሊዎች ደጋግመው ስለ ቀዱት ነው። ጽሑፉና ቅጂው ባይኖሩ ኖሮ በአውሮፓ ገበያ ስሙ እንደማይታወቅ አንድ አሮጌ ሳንቃ ይቈጠር ነበር።

የድንበሩ ፈረሰኞች

አሁን ወደ ሶሎሎና ወደ ሞያሌ እንመለስ። ይህ አገር የፈረሰኞች አገር ነው፤ ቦረናዎችም ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ በፈረስ ይታወቃሉ። በ1897 ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፥ በፈረስ ስማቸው አባ መቻል፥ የዳግማዊ ምኒልክን ጦር እየመሩ ወደ ቦረና ዘለቁ። በ1902 እና በ1903 የአርኪባልድ በተር ጓዶች መጡ፤ ከእነርሱም ጋር የነበረው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ሻምበል ፊሊፕ ሞድ ወሰኑን ለካ። በ1905 ፊሊፕ ዛፊሮ የሚባል ግሪካዊ የእንግሊዝ መንግሥት የድንበር ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ በሞያሌ የተሠራውም ምሽግ በአዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ ሚኒስትር ስም ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። ስምምነቱ በታኅሣሥ 6 ቀን 1907 ተፈረመ፤ በ1908 ደግሞ ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን መጥቶ መሥመሩን እንደገና መረመረ። በ1940 ኢጣልያኖች የኬንያውን ሞያሌ ያዙ፤ በ1941 ለቀው ሄዱ። የኢትዮጵያና የኬንያ መንግሥታት ወሰናቸውን በውል ያጸኑት በ1970 ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ጕዞ ያለ ፈረስ፥ ያለ በቅሎና ያለ ግመል አይሞከርም ነበር። ስለዚህ በዚህ ድንበር ሁለቱ ዓይነት ፈረሰኞች ተገናኝተዋል፤ ቦት ጫማና ገምባሌ ያደረገው፥ ጎፈርና ለምድ ያደረገውም። በዚህ አካባቢ የተገኘ የፈረሰኛ ሥዕል ከሁለቱ የማንኛቸውም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ከሩቅ አገር ለጌጥ የመጣ፥ ከዚህ ታሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ዕድል እንዳለ መርሳት የብዙ ገማቾች ስሕተት ነው።

ምናልባት ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ «መሬታችንን በመሥመር የከፈለ ባዕድ ሰው ሥዕል ከሆነ ስለ ምን እናከብረዋለን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መምህሩም ሊሸሸው አይገባም። ሥዕልን መጠበቅ የተሣለውን ሰው ማመስገን አይደለም። ሥዕሉ ሰውየው ራሱን እንዴት ሊያሳይ እንደ ፈለገ ይነግረናል፤ ፊቱ የኰራ፥ ጫማው የተወለወለ፥ እጁ በአለንጋው ላይ ያረፈ ነው። በመሥመሩ ወዲያና ወዲህ ስለ ቀሩት ጕድጓዶችና የግጦሽ ቦታዎች ግን ምንም አይነግረንም። ይህን የሚነግረን የ1907ቱ ስምምነት ነው፤ በዚያም ላይ በመሥመሩ በሁለቱም ወገን ያሉት ነገዶች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፥ ወደ ውሃ ጕድጓዶቹም በነጻ እንዲደርሱ ተጽፏል። ሥዕሉና ውሉ ጐን ለጐን ሲቀመጡ ተማሪው ፈረሰኛው ያሳየውንና ያላሳየውን አብሮ ያያል። ከዚያም የአያቶቹን ቃል ሲጨምርበት ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ስለ ዋጋ

ባለቤቱ በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዋጋ ነበር፤ ይህንንም በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ድኻ ሰው በእጁ ያለውን ንብረት ዋጋ ማወቅ መብቱ ነው። በዓለም ገበያ የሥዕል ዋጋ የሚወሰነው በሠዓሊው ማንነት፥ በተሣለው ሰው ማንነት፥ በሥዕሉ ደኅንነትና በጕዞ ታሪኩ ነው። ስለ ሠዓሊው ሲነገርም ቃላቱ ደረጃ አላቸው። በእርግጥ የሠዓሊው እጅ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ የእርሱ እንደ ሆነ ይገመታል ማለት ከዚያ ያንሳል፤ ከሥራ ቤቱ ወጣ፥ ከተከታዮቹ በአንዱ ተሠራ፥ ከሥዕሉ ተቀዳ የሚሉት ደግሞ እየተከተሉ ይወርዳሉ። የነዚህን ቃላት ልዩነት የማያውቅ ባለ ንብረት በቀላሉ ይታለላል።

መምህሩ ግን የገንዘብ ዋጋ መናገር የለበትም። ዝቅ አድርጎ ቢናገር ባለቤቱን ይጐዳል፤ ከፍ አድርጎ ቢናገር ለአታላይ መንገድ ይከፍታል። ከሁሉም በላይ የመረመረውን ሥዕል ራሱ መግዛት፥ ለገዢም ማገናኘት አይገባውም፤ ፈራጅና ነጋዴ በአንድ ወንበር አይቀመጡምና። ደግሞም ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ1966 የጥንታዊ ቅርሶችን አዋጅ አወጣች፤ በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ መኖሩን ሳይከለክል እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ኬንያም በ2006 የብሔራዊ ቤተ መዘክሮችና የቅርስ ሕግ አውጥታለች። በድንበር ከተማ የሚኖር ሰው መንገዱን አቋርጦ ሌላ አገር ይገባል፤ ስለዚህ ሳያውቅ ሕግ እንዳይተላለፍ መምህሩ አስቀድሞ ቢያስጠነቅቀው ትልቅ ውለታ ነው።

የመምህሩ ሥራ

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? አንድ ወረቀት አንሥቶ በሦስት ዓምድ ይክፈለው። በመጀመሪያው ዓምድ የታየውን ይጻፍ፤ ቁመቱንና ስፋቱን፥ ሸራ ወይም ሳንቃ መሆኑን፥ ልብሱን፥ እርካቡን፥ ጫማውን፥ የፈረሱን ቀለም፥ በጀርባው ያለውን ጽሑፍና ማኅተም ሁሉ። በሁለተኛው ዓምድ የተነገረውን ይጻፍ፤ ሥዕሉ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ፥ ማን ነው እንደሚባል፥ ይህን የተናገረው ማን እንደ ሆነና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተናገረ። በሦስተኛው ዓምድ የተገመተውን ይጻፍ፤ መምህሩ ራሱ ያሰበውን ከነምክንያቱ። ሦስቱን ዓምዶች መቀላቀል ክልክል ነው። የአሮጌ ሥዕል ታሪክ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ሰው ግምት ለሌላው ሰው እንደ ታየ ነገር ሲተላለፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ይህን ማድረግ ቀላል ሆኗል። ሥዕሉ ከጢስ፥ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ እንዲቀመጥ ይምከር። የወረቀቱን አንድ ቅጂ ለባለቤቱ፥ አንዱን ለትምህርት ቤቱ መዝገብ ያስቀር፤ ባለቤቱም ከፈቀደ አንዱን በኬንያ ወገን ከሆነ ለኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዘክሮች፥ በኢትዮጵያ ወገን ከሆነ ለቅርስ ባለሥልጣን ይላክ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፥ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክርም የሥዕል ስብስብ ስላለው ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ይህን ልምድ ለዕጩ መምህራን ማስተማር ከማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ይጠበቃል። ለትምህርቱ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ በየቤቱ ያለ የአያት ፎቶግራፍ፥ በየአጥቢያው ያለ የጊዮርጊስ ሥዕል ለመጀመሪያ ልምምድ ይበቃል። ተማሪው የታየውን፥ የተነገረውንና የተገመተውን መለየት በሥዕል ከተማረ በኋላ መጽሐፍ ሲያነብ፥ ወሬ ሲሰማ፥ ዳኝነትም ሲቀመጥ ይጠቅመዋል። የትምህርት ሹማምትም ለዚህ የሚሆን አንድ መዝገብ በየትምህርት ቤቱ እንዲከፈት ቢያዝዙ ወጪው ትንሽ፥ ጥቅሙ ብዙ ነው። ሥዕሉ ነገ ተሸጦ ወይም ተሰርቆ ከከተማው ሊወጣ ይችላል፤ በጊዜው የተሞላው ወረቀት ግን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይቈያል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሥዕሉን የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ከየት ወጥቶ በማን እጅ እንደ ነበረ የሚያገኘው ከዚያ ነው።